ያልነበረውን በፊልም የማሳየት ጥበብና የተማሪዎቹ ታሪክ

በትምህርት ቤቱ የፊልም ክበብ አባሎች የተጻፈ

የትምህርት ቤታችን 60ኛ ዓመት በዓል ሲቃረብ የበዓሉ ኮሚቴ ለክበባችን አንድ ሥራ ሰጠን፤ ይኸውም የትምህርት ቤቱን ታሪክ የሚገልጽ የ20 ደቂቃ ፊልም አዘጋጅተን በበዓሉ ዕለት በአዳራሹ እንድናሳይ ነው። ሥራውን በደስታ ተቀበልን። ነገር ግን ገና ከመነሻው አንድ ችግር ገጠመን። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የተማሩበት ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት እኛ ሳንወለድ ፈርሷል፤ ዛሬ በስፍራው የቆመው የላቦራቶሪው ሕንፃ ነው። ከዚያ ቤት የተረፈልን ነገር ቢኖር በቤተ መጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ከመካከላችን አንዱ «ቤቱን በኮምፒዩተር እንሥራው» ሲል ሁላችንም ተስማማን። መናገሩ ቀላል ነበር፤ መሥራቱ ግን ሰባት ወር ፈጀብን።

በእነዚያ ወራት የእጅ ሥራውን ስንለማመድ፣ ከእኛ በፊት ይህን ጥበብ የተማሩት ሰዎች እነማን እንደ ነበሩና ከማን እንደ ተማሩት ማንበብ ጀመርን። ያነበብነው ታሪክ ከሥራው ባላነሰ ስላስደሰተን ለትምህርት ቤታችን ወዳጆች ልናካፍል ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቪዥዋል ኢፌክት የሚባለው ጥበብ በካሜራው ፊት ያልነበረውን ነገር እንደ ነበረ አድርጎ በፊልም ላይ ማሳየት ነው። ዘንዶውና በጠፈር የሚበረው መርከብ ብቻ አይደሉም፤ ተመልካቹ ልብ የማይለው ብዙ ነገር፣ ለምሳሌ ከተዋናዩ በስተጀርባ የሚታየው ተራራ ወይም በሜዳ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ፣ ብዙ ጊዜ በዚሁ ጥበብ የተሠራ ነው። ዛሬ ሥራው የሚከናወነው በኮምፒዩተር ስለ ሆነ ብዙ ሰው ጥበቡ ከኮምፒዩተር ጋር አብሮ የተወለደ ይመስለዋል። እኛም እንደዚሁ ይመስለን ነበር። ዳሩ ግን ዕድሜው ከሲኒማው ዕድሜ ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል።

የሉሚዬር ወንድማማቾች በዲሴምበር 28 ቀን 1895 ፊልማቸውን በፓሪስ ከተማ ለሕዝብ ባሳዩ ጊዜ ከተመልካቾቹ መካከል ዦርዥ ሜሊየስ የሚባል ሰው ነበረ። ይህ ሰው የራሱ ቴአትር ቤት ያለው የምትሃት ትርኢት አሳይ ነው። መኪናውን እንዲሸጡለት ቢጠይቅ እንቢ አሉት። እርሱም ተስፋ ሳይቈርጥ ከአንድ የለንደን ሰው ሌላ የፊልም ማሳያ መኪና ገዛና፣ አሠራሩን አጥንቶ ወደ ፊልም ማንሻነት ለወጠው። አስተማሪ አልነበረውም፤ የመጀመሪያ ትምህርቱም መኪናውን ፈትቶ መግጠም ሆነ።

እርሱ ራሱ በኋላ እንደ ተናገረው፣ አንድ ቀን በፓሪስ የኦፔራ አደባባይ ፊልም ሲያነሣ መኪናው ተያዘበት። አስተካክሎ ማንሣቱን እስኪቀጥል ድረስ ጥቂት ጊዜ አለፈ። ፊልሙ ታጥቦ በታየ ጊዜ በፈረስ የሚጐተተው የሕዝብ ማመላለሻ ሠረገላ በድንገት ተለውጦ የሬሳ ሠረገላ ሆኖ ተገኘ። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ወሬ ይጠራጠሩታል። እንዲያውም በዚያው በ1895 በኤዲሰን ኩባንያ የተነሣ አንድ አጭር ፊልም የስኮትላንድን ንግሥት የሜሪን አንገት መቀላት ለማሳየት ካሜራውን አቁሞ ሰውየውን በአሻንጉሊት የመተካት ዘዴ ተጠቅሞ ነበር። ስለዚህ ሜሊየስን የመጀመሪያው ነው ለማለት አይቻልም፤ ዘዴውን ሙያ ያደረገው ግን እርሱ ነው። በ1898 በሠራው አንድ ፊልም ውስጥ የራሱን ራስ ከአንገቱ እያነሣ በጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፤ ራሶቹም በየጠረጴዛው ሆነው ይነጋገራሉ። ይህም ጥቁር መጋረጃ ከበስተጀርባ ዘርግቶ፣ አንዱኑ ፊልም ወደ ኋላ እየመለሰ ደጋግሞ በማንሣት የተገኘ ነው። በ1902 «ጕዞ ወደ ጨረቃ» የተባለውን ፊልሙን ሠራ። በመጨረሻው ዘመኑ ግን ከስሮ በፓሪስ የሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ መጫወቻና ከረሜላ ይሸጥ ነበር።

በአገራችንም ሕዝቡ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው ይነገራል። አንዳንዶቻችን ይህን ስንሰማ ስቀን ነበር። ነገር ግን ራሱን በጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው አሠራሩ ሳይነገረው ያየ ሁሉ ሌላ ምን ስም ሊያወጣለት ኖሯል?

ከሜሊየስ በኋላ በርካታ ብልሃቶች ተፈጠሩ። ሁሉንም ለመዘርዘር ገጹ አይበቃንም፤ እኛን ከሁሉ ይልቅ የማረከን ግን የዊሊስ ኦብራየንና የሬይ ሃሪሃውዘን ታሪክ ነው። ኦብራየን በ1933 የታየውን «ኪንግ ኮንግ» የተባለውን ፊልም ታላቅ ዝንጀሮ የሠራው ሰው ነው። ያ በኒውዮርክ ሕንፃ ላይ የሚወጣው አውሬ፣ በአብዛኛው ቁመቱ ግማሽ ሜትር የማይሞላ፣ ውስጡ የብረት መገጣጠሚያ ያለው፣ ላዩ የጥንቸል ጠጕር የለበሰ አሻንጉሊት ነበር። ሠራተኛው አሻንጉሊቱን በጥቂቱ ያንቀሳቅስና አንድ ሥዕል ያነሣል፤ ደግሞ ያንቀሳቅስና ሌላ ያነሣል። ለአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕል ያስፈልጋል። ፊልሙን ልብ ብሎ ያየ ሰው የዝንጀሮው ጠጕር ያለ ነፋስ ሲተራመስ ያገኘዋል፤ ይህም በየሥዕሉ መካከል አሻንጉሊቱን የነኩት ጣቶች የተዉት ምልክት ነው።

ይህን ፊልም በወጣበት ዓመት ሎስ አንጀለስ ከተማ ውስጥ ያየ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ነበረ፤ ስሙ ሬይ ሃሪሃውዘን ነው። ወደ ቤቱ ሲመለስ «ይህ እንዴት ተሠራ?» የሚለው ጥያቄ እረፍት ነሣው። አሠራሩን እየፈለገ፣ በቤቱ አሻንጉሊት እየሠራ ጥቂት ዓመታት ካሳለፈ በኋላ ሥራውን ይዞ ወደ ኦብራየን ዘንድ ሄደ። ኦብራየንም አንዱን የጥንት እንስሳ ተመልክቶ እግሮቹ ቋሊማ እንደሚመስሉ ነገረው፤ ሄዶም የአካልን አሠራር እንዲያጠና መከረው። ልጁ አልተቀየመም። የሥዕልና የአናቶሚ ትምህርት ተማረ፤ በ1949 በወጣውም ፊልም ከዚሁ ከመምህሩ ጋር አብሮ ሠራ። በ1963 በታየው «ጄሰንና አርጎናውቶቹ» በተባለው ፊልም ሰባት ዐፅሞች ከሦስት ሰዎች ጋር በሰይፍ ይዋጋሉ። ያ ውጊያ በፊልሙ ላይ የሚቈየው ጥቂት ደቂቃ ሲሆን፣ ሃሪሃውዘን ዐፅሞቹን በእጁ እያንቀሳቀሰ ለመሥራት ከ4 ወር በላይ ፈጅቶበታል። ከእኛ አንዱ የቤት ሥራ በዝቶብናል ብሎ ባጕረመረመ ቍጥር ሌሎቻችን ስለ ሰባቱ ዐፅሞች እናስታውሰዋለን።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ እንመጣለን። በ1972 በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ኤድዊን ካትመል የሚባል ተማሪ የገዛ እጁን በኮምፒዩተር ለመሥራት አሰበ። በዚያን ጊዜ የሚታይን ነገር ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ ቀላል መሣሪያ አልነበረም። ስለዚህ ግራ እጁን በጀሶ ቅርጽ ወሰደ፤ ጀሶው ሲላቀቅ የእጁን ጠጕር ነቅሎ እንደ ወጣ ይነገራል። ከዚያም በቅርጹ ላይ ወደ 350 የሚጠጉ ሦስት ማዕዘኖችና ባለ ብዙ ማዕዘን ቅርጾች በቀለም ሣለ፤ የየማዕዘኑን ስፍራ ለክቶ ቍጥሩን አንድ በአንድ ለኮምፒዩተሩ ጻፈለት። ከዓመታት በኋላ ይኸው ሰው በ1995 «ቶይ ስቶሪ» የተባለውን በሙሉ በኮምፒዩተር የተሠራ ረጅም ፊልም ካወጣው ከፒክሳር መሥራቾች አንዱ ሆነ። እኛም ዛሬ ቤት ስንሠራ የምናደርገው በመሠረቱ ያንኑ ነው፤ ግድግዳው፣ ክዳኑ፣ በሩ ሁሉ የማዕዘኖች ስብስብ ነው። ልዩነቱ ካትመል በማስመሪያ የለካውን እኛ በማውስ እየጐተትን መሥራታችን ነው።

የአሮጌው እጅና የአዲሱ መሣሪያ መጋጨት ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የታየው «ጁራሲክ ፓርክ» የተባለው ፊልም ሲሠራ ነው። ዲሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ዳይኖሰሮቹን በእጅ የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች ሆነው እንዲሠሩ ሥራውን ለፊል ቲፔት ሰጥቶት ነበር። ቲፔት በልጅነቱ በሃሪሃውዘን ፊልም ተማርኮ ወደዚህ ሙያ የገባ፣ በጊዜውም ወደር የሌለው ባለ ሙያ ነበረ። ነገር ግን ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ በተባለው ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ወጣቶች፣ ስቲቭ ዊሊያምስና ማርክ ዲፔ፣ ማንም ሳያዝዛቸው የታላቁን ዳይኖሰር ዐፅም በኮምፒዩተር ሠርተው አራመዱት። ከዚህ የተነሣው ሙከራ እያደገ ሄዶ ስፒልበርግ አሳቡን ለወጠ። ቲፔትም ይህን ባየ ጊዜ እርሱ ራሱ እንደ ዳይኖሰሮቹ ዘሩ የጠፋ መስሎ እንደ ተሰማው ተናገረ፤ ስፒልበርግ አነጋገሩን ወዶት ወደ ፊልሙ አስገባው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለእኛ ለተማሪዎች የሚያሳዝን በሆነ ነበር። ሆኖም አላበቃም። ኮምፒዩተሩን የሚያውቁት ወጣቶች እንስሳ እንዴት እንደሚራመድ፣ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እንዴት እንደሚያሳልፍ ጠንቅቀው አያውቁም፤ ይህን የሚያውቁት የቲፔት ሰዎች ደግሞ ኮምፒዩተር አያውቁም። ስለዚህ በየመገጣጠሚያው ላይ የእንቅስቃሴ መለኪያ የተገጠመለት የዳይኖሰር አሻንጉሊት ተሠራ፤ ባለ ሙያው እንደ ልማዱ በእጁ ሲያንቀሳቅሰው እንቅስቃሴው ወደ ኮምፒዩተሩ ይገባል። የኮምፒዩተሮቹም ሰዎች በበኩላቸው ያለ ንግግር በአካል ብቻ የመተወንን ትምህርት እንዲወስዱ ተደረገ፤ ትልልቆቹ ሰዎች እንደ ዳይኖሰር እየሮጡ ይለማመዱ ነበር። ፊልሙ በ1993 ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት የቪዥዋል ኢፌክት ኦስካር ከተሸለሙት አራት ሰዎች አንዱ ዘሬ ጠፋ ብሎ የነበረው ቲፔት ነው። እንደ እኛ አስተያየት በዚህ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት አልነበረም።

ከዚህ ወዲያ ያለውን በአጭሩ እናልፈዋለን። ጥበቡ ከትልልቅ ድርጅቶች ወጥቶ ወደ ተራው ሰው እጅ የገባው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ኮምፒዩተር እየረከሰ መሄዱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ነጻ ፕሮግራሞች መገኘታቸው ነው። እኛ የተጠቀምንበት ብሌንደር የተባለው ፕሮግራም የሆላንዱ ተወላጅ ቶን ሮዘንዳል የጀመረው ነው። በ2002 ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ሥራውን ባቋረጡት ጊዜ ሮዘንዳል ከተጠቃሚዎቹ መዋጮ ጠየቀ፤ በሰባት ሳምንትም 100,000 ዩሮ ተሰበሰበ። በዚህ ገንዘብ የፕሮግራሙ መብት ተገዝቶ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ተለቀቀ። በ2025 የረጅም አኒሜሽን ፊልም ኦስካር ያገኘው «ፍሎው» የተባለው የላትቪያ ፊልም የተሠራው በዚሁ ፕሮግራም ነው። ይህን ስንሰማ እኛም ደረታችንን ነፋን፤ የእኛ ቤት ግን ገና ክዳን አልነበረውም።

ወላጆቻችን «ይህን ብትማሩ እንጀራ ይሆናችኋልን?» ብለው ጠይቀውናል። ያገኘነውን ሳንሸሽግ መግለጽ ይገባናል። በ2012 በወጣው «ላይፍ ኦቭ ፓይ» በተባለው ፊልም ውስጥ በጀልባ ላይ የሚታየው ነብር በአብዛኛው በኮምፒዩተር የተሠራ ነው። ሠሪዎቹ እውነተኛ ነብሮችን ለረጅም ጊዜ አጥንተዋል። ፊልሙ በፌብሩዋሪ 2013 በቪዥዋል ኢፌክት ኦስካር ሲሸለም፣ ዋናውን ሥራ የሠራው ሪዝም ኤንድ ሂውስ የተባለው ድርጅት ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታውቆ ነበር፤ በሽልማቱም ዕለት የሙያው ሠራተኞች በአዳራሹ አቅራቢያ ሰልፍ ወጥተዋል። ሜሊየስን በባቡር ጣቢያው ስናስብ ነገሩ አዲስ አልሆነብንም። ከመካከላችን ሁለቱ ይህን ሰምተው ወደ ምሕንድስና እናዘነብላለን ብለዋል፤ ሦስቱ ግን ከዚህ ጥበብ ወዴትም አንሄድም ይላሉ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የመጀመሪያው ጭንቀታችን ልኩ ነበር። በፎቶግራፉ ላይ ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ የሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ይታያል፤ ምሰሶው እስከ ዛሬ በቦታው ስለ ቆመ ለክተን 6 ሜትር አገኘን። በእርሱ አመካኝነት የቤቱን ቁመትና የበሩን ስፋት አሰላን። ጭቃውን እንዴት እንምሰለው ስንል ከእኛ አንዷ ለገና ዕረፍት አያቷ ዘንድ ገጠር ሄዳ የጭድና የጭቃ ግድግዳ ከቅርብ እያነሣች መጣች፤ ያንን በኮምፒዩተሩ ቤት ላይ አለበስነው። ሆኖም ቤቱን ዛሬ ካነሣነው ግቢ ጋር ስናዋሕደው እንደ ቴምብር የተለጠፈ መሰለ። ለሁለት ሳምንት ምክንያቱን አጣነው። በመጨረሻ የፊዚክስ መምህራችን መጥተው አዩና «የዛፉ ጥላ ወዴት ነው? የቤታችሁስ ጥላ ወዴት ነው?» ብለው ጠየቁን። የዛፉ ጥላ ወደ ምሥራቅ፣ የቤቱ ጥላ ወደ ምዕራብ ወድቆ ነበር።

አንድ ተማሪ ወደ አሮጌው ክፍል ሲገባ ለማሳየት ደግሞ አረንጓዴ ጨርቅ ከበስተጀርባው ሰቅለን አነሣነው። የዚህ ብልሃት ምሥጢር ኮምፒዩተሩ አረንጓዴውን ሁሉ እንዲያጠፋና በምትኩ ሌላ ሥዕል እንዲያስገባ ማዘዝ ነው። እንዳዘዝነው አደረገ፤ ነገር ግን የትምህርት ቤታችን ሹራብ አረንጓዴ መሆኑን ዘንግተን ኖሮ የጓደኛችን ራስና እጆች ብቻ በአየር ላይ ሲሄዱ ታዩ። ሜሊየስ በ1898 ደክሞ ያገኘውን እኛ በስሕተት አገኘነው ማለት ነው። በማግሥቱ ሰማያዊ ጨርቅ ገዛን።

የመጨረሻው ሥራ ሬንደር ይባላል፤ ኮምፒዩተሩ የብርሃኑን፣ የጥላውንና የቀለሙን ሒሳብ ሠርቶ እያንዳንዱን ሥዕል የሚያወጣበት ነው። ለ6 ሴኮንድ 144 ሥዕል ያስፈልገናል፤ አንዱ ሥዕል 11 ደቂቃ ስለሚፈጅ ጠቅላላው 26 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይሆናል። ዓርብ ማታ አስጀምረን ወደየቤታችን ሄድን። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ። ሥዕሎቹን ሁሉ በአንድ የቪዲዮ ፋይል እንዲያስቀምጥ አዝዘን ስለ ነበረ ፋይሉ ሳይዘጋ ተበላሽቶ የሌሊቱ ሥራ ሁሉ ጠፋ። በሁለተኛው ጊዜ እያንዳንዱን ሥዕል ለብቻው እንዲያስቀምጥ አደረግን፤ መብራት ደግሞ ቢጠፋ የሚጠፋው አንድ ሥዕል ብቻ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረን ሰው አልነበረም፤ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት የክበቡ አባሎች ግን በግድግዳው ላይ ጽፈን ለጥፈናል።

ሥራው ተፈጽሞ ሳለ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ የነበሩ አባት እንዲመለከቱልን ጋበዝናቸው። ፊልማችን ቤቱን ከፊት ለፊት አሳይቶ፣ ካሜራው ቀስ ብሎ በጐኑ እየዞረ ወደ ጓሮው ይሄድ ነበር። አባባ ፊቱን ሲያዩ ዝም አሉ፤ ቈይተውም «በሩ ይኸው ነው። ዝናብ ሲመጣ እዚህ ጋ ነበር የምንጠለለው» አሉ። ጓሮው ሲመጣ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጆቼ፣ ይህን ከየት አመጣችሁት? በዚህ በኩል መስኮት አልነበረም። ባሕር ዛፍ ነበረ፤ ደወል የሆነው ቍራጭ ሐዲድ የተሰቀለው እርሱ ላይ ነው» አሉን። እውነትም ፎቶግራፉ የሚያሳየው ፊቱን ብቻ ስለ ሆነ ጓሮውን ከአሳባችን ነበር የሠራነው። በሚቀጥለው ሳምንት የጋበዝናቸው እናት ደግሞ ሐዲዱ የተሰቀለው በጓሮ ሳይሆን በበሩ በኩል እንደ ነበረ አጥብቀው ተናገሩ።

በዚህ ነገር ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን «ጓሮው አምሮአል፤ ማን ያውቅብናል? ደግሞስ ጥበቡ ያልነበረውን ማሳየት አይደለምን?» አልን። የቀሩት «ዳይኖሰሩን ያየ ሁሉ የተሠራ መሆኑን ያውቃል፤ የእኛን ቤት የሚያይ ግን አያውቅም። በ70ኛው ዓመት በዓል እነዚህ አባትና እናት ባይኖሩ፣ የሚቀጥሉት ተማሪዎች የእኛን መስኮት እውነት ነው ብለው ይጽፉታል» አሉ። ክርክሩ ሦስት ስብሰባ ወሰደ፤ ድምፅም ተሰጠበት። በስምንት ድምፅ በአምስት ጓሮው እንዲወጣ ተወሰነ፤ ፊቱም ሲታይ ሥዕሉ ከአንድ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በኮምፒዩተር የተሠራ መሆኑ በግርጌው እንዲጻፍ ተደረገ። ጓሮውን የሠራው ጓደኛችን ሁለት ወር የደከመበት ስለ ነበረ ለጥቂት ቀን አኵርፎን ነበር።

ስለዚህ በበዓሉ ዕለት በአዳራሹ የምታዩት ካሜራ የቤቱ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያስታውሱ፣ ወይም በቤታቸው ሌላ ፎቶግራፍ ያላቸው ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ቢኖሩ፣ ዘወትር ዓርብ ከ9 ሰዓት በኋላ በላቦራቶሪው ሕንፃ በክበባችን ክፍል እንገኛለን።